ከዲፕ ፍሪዘር የሚሠራ መነከሪያ ገንዳ

በረዶ በሚመስል ውሃ ውስጥ ገብቶ መውጣት በአሜሪካና በአውሮፓ የስፖርተኞች ልማድ ብቻ መሆኑ ከቀረ ሰንበት ብሏል። የሆላንዱ ዊም ሆፍ ብርድን በመቋቋም ስሙ ከገነነ ወዲህ፣ ማለዳ ተነስቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መቀመጥ የብዙ ሰው ልምድ ሆኗል። ራሱ የሚያቀዘቅዝ ገንዳ ግን በሺህ በሚቆጠር ዶላር ነው የሚሸጠው። ስለዚህ እጃቸው ሥራ የለመደ ሰዎች ዓይናቸውን የጣሉት ሥጋ ቤትና ግሮሰሪ ውስጥ በምናውቀው፣ ከላይ በሚከፈተው ዲፕ ፍሪዘር ላይ ነው።

ምርጫቸው ያስኬዳል። ቅርጹ ራሱ ገንዳ ነው፤ ግድግዳው በፎም ስለተሞላ ቅዝቃዜ ይይዛል፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ጋዙ የሚዞርበት ቱቦም እዚያው ግድግዳ ውስጥ ተጠምጥሞ ስለሚያልፍ ውሃውን ከየጎኑ ያቀዘቅዘዋል።

ይሁንና መሣሪያው የተሠራው ምግብን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ነው። ዝም ብለው ከተዉት ውሃውን በሙሉ ወደ በረዶ ይለውጠዋል፤ ውሃ ደግሞ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ግድግዳውን ገፍቶ ይሰነጥቃል። በዚህ ምክንያት በፍሪዘሩና በሶኬቱ መሃል የሙቀት መቆጣጠሪያ ይገባል። ከመቆጣጠሪያው የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ጫፉ ላይ ያለው መለኪያ ውሃው ውስጥ ይጠልቃል፤ ውሃው የተፈለገው ዲግሪ፣ 10 እንበል፣ ላይ ሲደርስ መቆጣጠሪያው መብራቱን ይቆርጣል፤ ሲሞቅ መልሶ ይለቃል። መቆጣጠሪያውን ዘመድ ከአሜሪካ ከላከው ለ110–120 ቮልት ብቻ የተሠራ አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

300 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 5 ለማውረድ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሆን ሙቀት መውጣት አለበት። ለቤት ፍሪዘር ትንሽ ኮምፕሬሰር ይህ የአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሥራ ነው። 300 ሊትር ማለት 300 ኪሎ ስለሆነም ቦታው ጠንካራ የምድር ወለል እንጂ በረንዳ ወይም የፎቅ ጣውላ አይደለም።

የእጅ ጥበቡ ያለው ስፌቱ ላይ ነው። የፍሪዘሩ ውስጥ በስስ ቆርቆሮ የተለበጠ ነው፤ ቆርቆሮዎቹ በየማዕዘኑ የሚገናኙበት መስመር አየርን እንጂ ውሃን ለመያዝ አልታሰበም። ውሃ በዚያ ሾልኮ ፎሙ ውስጥ ከገባ ቆርቆሮውን ያዝገዋል፤ ሽቦ ካገኘም አደጋ ነው። ስለዚህ መስመሩ በአልኮል ይጠረጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ ከዚያ ሁለቱን ክፍል እንደ ሊጥ አሽተው የሚያዋህዱት ኢፖክሲ ተጭኖ ይደፈናል፤ ሲደርቅ ሲሊኮን ይቀባል። ከታች ያለችው የማፍሰሻ ቀዳዳም መደፈን አለባት። እንዲህ ከመልፋት ወፍራም የገንዳ ላስቲክ የሚያነጥፉም አሉ። መብሻ ግን ወደ ግድግዳው ፈጽሞ አይጠጋም፤ ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ወጥቶ ፍሪዘሩ ያበቃለታል፤ በአዳዲሶቹ ፍሪዘሮች ውስጥ ያለው ጋዝ ብዙ ጊዜ ተቀጣጣይ መሆኑም አይረሳ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የትኛውም አምራች ይህን ዕቃ ሰው እንዲነከርበት ብሎ አልሠራውም። እርጥብ ገላ፣ ብረትና መብራት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ይሞታል። ሰው ከመግባቱ በፊት መሰኪያው ከሶኬት ይነቀላል፤ ማጥፋት አይበቃም፣ መቆጣጠሪያው ቆርጦታል ብሎ ማመንም አይበቃም። ውሃ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ካለ እሱም አብሮ ይነቀላል። ከዚህ በተጨማሪ መብራት ወደ ሌላ መንገድ ሲያመልጥ መስመሩን ወዲያው የሚቆርጠው መከላከያ መኖር አለበት፤ በአሜሪካ ቤቶች ያለው 5 ሚሊአምፒር አካባቢ ሲያመልጥ ይቆርጣል። ይህን ማሟላት የማይችል ሰው ባይጀምረው እመርጣለሁ፤ በርሜል ውሃና ከረጢት በረዶ ያንኑ ብርድ ይሰጡታል።

ብርዱም ራሱ ይከበር። ቀዝቃዛ ውሃ ገላን ሲነካ ትንፋሽ ሳይፈልጉት ይሳባል፣ ልብ ይፈጥናል፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ከባዱ ነው። ስለዚህ ብቻን አይገባም፣ ጭንቅላትም አይነከርም፤ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ክብደት አንስቶ ጡንቻ ለማሳደግ የሚለፋም ይህን ይወቅ፦ በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ለ12 ሳምንት ከልምምድ በኋላ 10 ደቂቃ በ10 ዲግሪ ውሃ የተነከሩት ሰዎች ጡንቻቸው ካልተነከሩት ያነሰ ማደጉን አሳይቷል። የሕመም ስሜትን ማብረድ አንድ ነገር ነው፣ ማደግ ሌላ።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ብርድ ጀርምን ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ታጥቦ መግባት፣ ማጣሪያ መጠቀምና ውሃውን በየጊዜው መቀየር ግድ ነው።

ክዳኑን በተመለከተ፣ አሜሪካ በ1956 ፍሪጆች ከውስጥ ተገፍተው እንዲከፈቱ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው ሕፃናት እየገቡባቸው ታፍነው ስለሞቱ ነው። ውሃ የሞላ ፍሪዘር ከዚያ የከፋ ወጥመድ ነው። ክዳኑ ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀል፤ ባለቤቱ በወጣ ቁጥርም ይቆለፍ።