ከሰገነቱ የወረዱት ሰዎች

አላባማ ውስጥ ሞንሮቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ፣ ዛሬ ሙዚየም በሆነው በአሮጌው ፍርድ ቤቷ ቲያትር ይታያል። የመጀመሪያው ክፍል ደጅ ይካሄድና ሁለተኛው ሲደርስ ተመልካቹ ወደ ችሎቱ አዳራሽ ይገባል። ከተመልካቹ መሃል 12 ወንዶች ተመርጠው የጁሪውን ወንበር ይይዛሉ። ዳኛው ሲጠይቃቸው የሚመልሱት አስቀድሞ ተጽፏል፦ ጥፋተኛ ነው። ቶም ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር ሰው በዓመት በዓመቱ ባልሠራው ወንጀል ይፈረድበታል።

ቲያትሩ የተወሰደው የከተማዋ ተወላጅ ሃርፐር ሊ በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሳተመችው “ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ” ከተሰኘው ልብ ወለድ ነው። ሞኪንግበርድ የሌሎችን ወፎች ዜማ እየቀዳ የሚዘምር፣ ማንንም የማይጎዳ ወፍ ነው፤ እሱን መግደል ኃጢአት ነው የሚለው አባባል ለመጽሐፉ ስም ሆነ። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በ1962 ፊልም ተሠርቶለት፣ ግሪጎሪ ፔክ ጠበቃውን አቲከስ ፊንችን ሆኖ በመጫወቱ ኦስካር ወሰደበት። ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። ይሁንና ከ50 ዓመት በላይ የአሜሪካን የትምህርት ቦርዶች እንዳወዛገበ አለ።

ታሪኩን የምትነግረን የአቲከስ ልጅ ስካውት ናት። ጊዜው 1930ዎቹ፣ ድህነቱ የከፋበት ዘመን ነው። ቶም ሜዬላ ዩዌል የተባለችን ነጭ ወጣት ደፍሯል ተብሎ ይከሰሳል። ልጅቷ የተደበደበችው በፊቷ ቀኝ በኩል ነው። አቲከስ አባቷን ቦብ ዩዌልን ስሙን እንዲጽፍ ይጠይቀዋል፤ በግራ እጁ ይጽፋል። ቶም ሲቆም ደግሞ ግራ እጁ በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን በልቶት የሰለለ መሆኑ ይታያል። ለሕፃን እንኳ የማይሰወር ማስረጃ ነው። ጁሪው ግን ፈረደበት።

“በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” የሚል ሕዝብ ይህን ትዕይንት ሲያነብ የሚያስጨንቀው ነገር አለ። ዳኛው አለ፣ ጠበቃው አለ፣ ምስክሩ ተሰምቷል፤ የጎደለ ሥርዓት የለም። ሰውየው ግን በፍርድ ስም ያለ ፍርድ ሄደ። ሊ ይህን በልጅ ዓይን ማሳየቷ ያለ ምክንያት አይደለም። ዓቃቤ ሕጉ ቶምን በንቀት ሲያናግረው አዳራሹ ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ ለምዶታል፤ የስካውት ጓደኛ ዲል ግን መታገሥ አቅቶት እያለቀሰ ይወጣል። ዲል ገና አልለመደውም።

የመጀመሪያው ከባድ ተቃውሞ የመጣው በ1966 ከቨርጂኒያ ነው። የሃኖቨር ካውንቲ የትምህርት ቦርድ መጽሐፉ “ብልግና” ነው ብሎ አገደው። ሊ ለአንድ የሪችመንድ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ 10 ዶላርም አብራ ላከች። ገንዘቡ የቦርዱን አባላት አንደኛ ክፍል ለማስመዝገብ ይዋል አለች።

ከ50 ዓመት በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። መጽሐፉ ውስጥ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ስድብ 50 ጊዜ ገደማ ተጽፏል። በ2016 እዚያው ቨርጂኒያ፣ አኮማክ ካውንቲ ውስጥ አንዲት እናት ባቀረቡት አቤቱታ ለጥቂት ቀናት ከትምህርት ቤት ተነሥቶ ተመለሰ። በ2017 ሚሲሲፒ ውስጥ ቢሎክሲ ከ8ኛ ክፍል ትምህርት አወጣችው። በ2022 በዋሽንግተን ግዛት ሙኪልቲዮ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግድ ከሚያነባቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሲሰረዝ፣ ጥያቄውን ያነሡት መምህራን ነበሩ፤ ላስተምረው ያለ ግን አልተከለከለም። የእነዚህ መምህራን ቅሬታ ከሃኖቨሩ ጋር አይገናኝም። በደሉ የጥቁሮች ሆኖ ሳለ ታሪኩ የነጩ ጠበቃ ጀግንነት ሆነ ነው የሚሉት።

ቅሬታው እውነት እንዳለው የሚያሳየው ሰዎች አብዝተው የሚወዱት ትዕይንት ራሱ ነው። ጥቁሮቹ ከላይ፣ ሰገነቱ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ የአቲከስ ልጆችም ከጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ከሬቨረንድ ሳይክስ ጎን ናቸው። ፍርዱ ተሰምቶ አቲከስ ሲወጣ ሰገነቱ በሙሉ በአክብሮት ይነሣል። እንባ የሚያመጣ ቦታ ነው። ከሬቨረንዱ በቀር ግን እነዚያን ሰዎች ሲነሡ እንጂ ሲናገሩ አንሰማም። የአቲከስ ቤት ጥቁር ሠራተኛ ካልፐርኒያም እንዲሁ ናት። በጌቶቿ ቤት አንድ ዓይነት፣ በቤተ ክርስቲያኗ ሌላ ዓይነት እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ስካውት ይህን አስተውላ ትደነቅና ታሪኩ ያልፈዋል። በ2015 የወጣው የሊ ሌላ ልብ ወለድ “ጎ ሴት ኤ ዋችማን” ጀግናውንም አወዛጋቢ አደረገው፤ አቲከስ አርጅቶ፣ የዘር መለያየት እንዲቀጥል ከሚሹ ሰዎች ስብሰባ ላይ ተገኘ።

ሞንሮቪልም የራሷ ጉድ አለባት። በ1986 አንዲት ነጭ ወጣት ተገደለች፤ ዋልተር ማክሚሊያን የተባለ ጥቁር ነዋሪ ተከሰሰ። በዚያ ሰዓት ቤቱ ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ማሰባሰቢያ ዓሣ ሲጠበስ እንደነበር፣ እሱም ከዚያ እንዳልጠፋ ጥቁር ምስክሮች ተናገሩ። የሚያምናቸው አላገኙም። ችሎቱ የፈጀው አንድ ቀን ተኩል ነው። 11 ነጮችና አንድ ጥቁር የተቀመጡበት ጁሪ ዕድሜ ልክ ሲል፣ ዳኛው ወደ ሞት ቀየሩት። ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን ታግሎ በ1993 ነጻ አወጣው። ከተማዋ ለቶም ሮቢንሰን የምታለቅስበትን ቲያትር ማሳየት ስትጀምር ማክሚሊያን የሞት ፍርደኞች ክፍል ውስጥ ነበር።

ይህ ክርክር ከሐበሻ ቤትም ይገባል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚያድግ ልጅ መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ይዞ ሲመጣ፣ “ይሄ የእነሱ ጣጣ ነው” ማለት ለወላጅ ይቀላል። ነገር ግን ያ ስድብ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ልጁ አላባማን አያውቅም ብሎ የሚተወው የለም። ቤት አንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ደግሞ ካልፐርኒያን ከስካውት ይልቅ ያውቃታል።

ስለዚህ መጽሐፉ ይነበብ፤ ብቻውን ግን አይሁን። ጥቁሯ ደራሲ ሚልድረድ ቴይለር በ1976 ያወጣችው “ሮል ኦፍ ተንደር፣ ሂር ማይ ክራይ” በዚያው በ1930ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ ያለች ጥቁር ልጅ ራሷ የምትተርከው ነው፤ ከጎኑ ይቀመጥ። ከዚያ መምህሩ ወይም ወላጁ አንድ የቤት ሥራ ይስጥ፦ ያን ምሽት ከሰገነቱ የወረዱት ሰዎች በጨለማው መንገድ ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ምን ተባባሉ? ሊ አልጻፈችውም። ልጁ ይጻፈው።