በመኪና ማደሪያ ቤት የሚሠራ አይሮፕላን

ዛሬ የምንነጋገረው ሰዎች በቤታቸው ስለሚሠሩት አይሮፕላን ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው፣ «የወረቀቱን ነው?» ብለው ሳቁብኝ። የወረቀቱን አይደለም። ሰው ይዞ የሚበረውን ነው። በአሜሪካ አገር በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በገዛ እጃቸው የሠሩትን አይሮፕላን ያበራሉ።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። እኛ ጋራዥ ስንል መኪና የሚጠገንበት ቦታ ማለታችን ነው። በአሜሪካ ግን ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የተሠራውን የመኪና ማደሪያም ጋራዥ ይሉታል። አይሮፕላኑ የሚሠራው እዚያ ነው። መኪናው ታዲያ ውጭ ያድራል። አንድ ወር ሁለት ወር እንዳይመስላችሁ፤ ዓመታት ነው።

ሰውየው ሥራውን ከባዶ አይጀምርም። ተቆርጠው የተዘጋጁ ክፍሎችን ከፋብሪካ በሣጥን ይገዛል። ይህ ኪት ይባላል። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. የአይሮፕላን ንድፍና ክፍል የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ንድፍ በየሰው ቤት ተሠርተው የበሩት አይሮፕላኖች ከ11,000 በላይ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አርቪ 7 ይባላል። ሁለት ሰው ይይዛል። ባዶውን 500 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ክንፉ ለብቻው ይሠራና መጨረሻ ላይ በአይሮፕላን ማረፊያ ይገጠማል። በቤት ውስጥ ከተገጠመማ በር አያሳልፈውም!

ከሣጥኑ ጋር መጽሐፍ ይመጣል። መጽሐፉ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ይናገራል። ሰውየው አንድ መስመር ያነባል፣ ያችን ይሠራል፣ ምልክት ያደርጋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንድ መስመር የዘለለ ሰው ሦስት ቀን የሠራውን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። የአይሮፕላኑ ገላ አሉሚኒየም ነው። ቀላል እንዲሆን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። አሉሚኒየሙ የሚያያዘው ሪቬት በሚባል ጭንቅላት ባለው አጭር ምስማር ነው። በአንድ አይሮፕላን ላይ ከ10,000 በላይ ሪቬት ይገባል። ሰውየው ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ይበሳል። ሲበሳ በቀዳዳው ዳር ሸካራ ስለት ይቀራል። ያንን ስለት በእጁ አለስልሶ ማጥፋት አለበት። እያንዳንዱን ቀዳዳ፣ አንድም ሳይቀር።

ለምን ይመስላችኋል? ቀጭን ሽቦ ወስዳችሁ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ እጠፉት። በመጨረሻ ይሰበራል። አይሮፕላንም ሲበር ይንቀጠቀጣል፣ ክንፉም በጥቂቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ዳሩ ያልለሰለሰ ቀዳዳ ካለ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። በኋላ ግን እየረዘመ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሰውየው ሰማይ ላይ ነው።

ሪቬቱ ጠምሞ ከገባ ተሰርስሮ ይወጣና ሌላ ይገባል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለማውጣት ሲባል ቀዳዳው ከሰፋ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጥቂት የጠመመውን «ይህስ ይበቃል፣ ተወው» የሚሉበት ጊዜ አለ። የቱን ማውጣት፣ የቱን መተው እንደሚገባ ለመለየት ብዙ መሥራት ያሻል። እኔ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል።

ብሎንም እንዲሁ በዘፈቀደ አይጠብቅም። የሚጠብቅበት ኃይል በቁጥር ተጽፏል፤ ኃይሉን የሚለካ መፍቻም አለ። ጠብቆ ሲያልቅ ብሎኑና ማሰሪያው ላይ አንድ የቀለም መስመር ይሰመራል። በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ከታየ፣ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

የአገሩ ሕግ ከሥራው ከግማሽ የሚበልጠውን ለትምህርት ወይም ለደስታው ብሎ የሚሠራ ሰው ራሱ እንዲሠራው ያዛል። ስለዚህ ሰውየው በየቀኑ የሠራውን በደብተር ይጽፋል፣ ፎቶግራፍም ያነሳል። አይሮፕላኑ ሲያልቅ ተቆጣጣሪ መጥቶ አይሮፕላኑንም ደብተሩንም ያያል። በመግቢያው አጠገብ «የሙከራ» የሚል ቃል፣ ቁመቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ፊደል መጻፍ አለበት። ለተሳፋሪም ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፤ አይሮፕላኑ በግለሰብ የተሠራ መሆኑን ይናገራል። ማንበብ የሚችል ሰው የሚገባበትን አውቆ ይገባል።

የመጀመሪያው በረራ ቀን ሲደርስ ሚስት፣ ልጆች፣ ጎረቤት ሁሉ ማረፊያው ዳር ይቆማሉ። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ባዶ ነው። አይሮፕላኑ በተወሰነ አካባቢ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሰዓት በርሮ እስኪፈተን ድረስ ለሽርሽር ሰው መጫን አይፈቀድም። ልጁ «አባዬ፣ እኔስ?» ቢለው እንኳ እሺ ሊለው አይችልም። ሰውየው ይነሳል፣ ዞሮ ያርፋል፣ ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያም ደብተሩን አውጥቶ ቀኑንና የበረረበትን ደቂቃ ይጽፋል።