ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን የንግድ እንቅስቃሴ ውስጥ የክፍያው ሥርዓት መልኩን ቀይሯል። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ከባንክ በሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ላይ ገደብ ካበጀ፣ ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በፌስታል ተሸክሞ መርካቶ የሚገባ ገዢ እየተመናመነ ሄዷል። ዛሬ ገዢው ዕቃውን ይመርጣል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ከነካካ በኋላ «ገብቷል፤ ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ» ይላል። ሻጩም ምስሉን አይቶ ዕቃውን ያስጭናል።

ይህ ልማድ ሥራን እንዳቀላጠፈ አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አብሮ ሊነሳ ይገባል፦ ሻጩ ዕቃውን ያስረከበው በምን ተማምኖ ነው? የያዘው ገንዘብ አይደለም፤ የባንክ ደረሰኝም አይደለም። የያዘው በገዢው ስልክ መስታወት ላይ በአንድ ወቅት ምን ይታይ እንደነበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በአንድ ሰው ስልክ መስታወት ላይ ምን እንደሚታይ የሚወስነው ደግሞ ባለስልኩ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችልና ነጋዴውም ሆነ ደላላው ራሱን በምን መንገድ ሊጠብቅ እንደሚችል ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ገጹ የማን ነው?

አንድ ሰው በኮምፒዩተር የባንኩን ገጽ ከፍቶ ሒሳቡን ሲመለከት፣ የሚያየው በባንኩ ዘንድ ያለውን መዝገብ ራሱን አይደለም። ሰርቨር የሚባለው የባንኩ ኮምፒዩተር የገጹን ግልባጭ ይልካል፤ በሰውየው ኮምፒዩተር ላይ ያለው ብሮውዘር፣ ለምሳሌ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ፣ ግልባጩን ተቀብሎ በመስታወቱ ላይ ይደረድረዋል። ከዚህ በኋላ ግልባጩ በተመልካቹ እጅ ነው። ጋዜጣ የገዛ ሰው በእጁ ባለው ቅጂ ላይ በእስክሪብቶ የፈለገውን ሊሰርዝና ሊደልዝ ይችላል፤ የሌላው አንባቢ ቅጂ ግን አይነካም። የባንኩም ገጽ እንዲሁ ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ በየብሮውዘሩ ውስጥ አብሮ የተሠራ እንጂ ከወንበዴ የሚገዛ አይደለም። ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን እንዲፈትሹበትና ስህተታቸውን እንዲያርሙበት የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለፋየርፎክስ የወጣው ፋየርበግ የተባለ ተቀጥላ ይህን ዓይነቱን ሥራ በስፋት ያስለመደ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ኤፍ12 የተባለውን ቁልፍ መጫን ብቻ ይበቃል። እንዲያውም ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው የመጀመሪያው ብሮውዘር ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን መጻፊያም ነበር። ገጽን በተመልካቹ ዘንድ መለወጥ መቻሉ እንግዲህ የባንኮች ጉድለት አይደለም፤ የነገሩ ተፈጥሮ ነው።

በዚህ መሣሪያ 2,000 ብር የሚለውን ጽሁፍ 200,000 ማድረግ፣ የተቀባዩን ስም መቀየር፣ ቀኑን ማሻገር የደቂቃ ሥራ ነው። በባንኩ መዝገብ ላይ አንዲት ሳንቲም አትንቀሳቀስም። ገጹ እንደገና ሲጫን ትክክለኛው ቁጥር ከባንኩ ይመለሳል፣ ለውጡም ይጠፋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የተነሳው ስክሪንሾት አብሮ አይታደስም፤ ሐሰቱን እንደያዘ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነጥብ አለ። ብዙ ሰው «የተነካካ ምስል በዓይን ይታወቃል፤ ፊደሉ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይለያል» ብሎ ይተማመናል። ቀድሞ በምስል ማረሚያ ፕሮግራም የሚሠራው ሐሰተኛ ወረቀት ይህን ዓይነት ምልክት ይተው ይሆናል። በብሮውዘር ውስጥ የተለወጠው ቁጥር ግን በባንኩ በራሱ የፊደል ቅርጽ፣ በራሱ ቀለምና መስመር የሚጻፍ በመሆኑ ለዓይን እንከን የለውም። ከላይ የሚነበበው አድራሻም ትክክለኛው የባንኩ አድራሻ ነው። በስልክ ላይ ደግሞ የባንክ ደረሰኝ የሚመስል ምስል አዘጋጅተው የሚያቀርቡ ፕሮግራሞች በመኖራቸው ይህን ያህል እንኳ መድከም አያስፈልግም። ስለዚህ ምስሉን አጉልቶ መመርመር መፍትሔ አይሆንም።

በሌላው ዓለም የታየው

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በናይጄሪያ ገበያዎች ገንዘብ ሳይገባ የገባ የሚያስመስል መልዕክት «ፌክ አለርት» የሚል ስም ወጥቶለታል። በፔሩ ያፔ የተባለውን የስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ አስመስለው የሚሠሩ ሐሰተኛ ፕሮግራሞች በባለሱቆች ላይ ጉዳት አድርሰዋል።

በአሜሪካ የሚታየው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። አጭበርባሪው በስልክ ደውሎ የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ እንደሆነና ለሰውየው የሚመለስ ገንዘብ እንዳለ ይናገራል። ኮምፒዩተርን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችል ፕሮግራም ካስጫነው በኋላ ሰውየው የባንክ ሒሳቡን እንዲከፍት ያደርጋል። ከዚያም ገጹን በዚያው መሣሪያ ይለውጥና፣ ለምሳሌ 300 ዶላር ሊመልስ ሲል በስህተት 30,000 እንዳስገባ ያስመስላል። «ሥራዬን ላጣ ነው፣ ትርፉን መልስልኝ» ብሎ ይማጸናል። ሰውየውም የገዛ ሒሳቡን በገዛ ኮምፒዩተሩ አይቶ ያምናል፤ ያልተቀበለውን ገንዘብ «ይመልሳል»። የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ስለዚህ ዓይነቱ ማታለል በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። የሌላ ሰው እጅ ከገባበት የገዛ መስታወታችንም ቢሆን የማይታመን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የአክሲዮን ገበያም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2015 የብሉምበርግን የዜና ገጽ መስሎ የተሠራ ገጽ ትዊተር የተባለው ኩባንያ በ31 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ነው ብሎ በመጻፉ የአክሲዮኑ ዋጋ ለጥቂት ጊዜ ከ8 በመቶ በላይ ዘሎ ነበር። ሐሰትነቱ ሲታወቅ ዋጋው ተመለሰ፤ በመካከል በውድ የገዛ ግን ከሠረ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ እንደመሆኑ፣ በቴሌግራም የሚዘዋወር የዋጋ ምስል አይቶ አክሲዮን ለመግዛት ወይም ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው ይህን ሊያስታውሰው ይገባል።

የእኛ ገበያ ክፍተት የት ላይ ነው?

በአገራችን አጭበርባሪውን የሚረዱት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የሱቁ አሠራር ነው። ሒሳቡ የተከፈተው በባለቤቱ ስም በመሆኑ የባንኩ አጭር መልዕክት የሚገባው ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው። ዕቃውን የሚያስረክበው ግን ሱቅ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ነው። ባለቤቱ ጉምሩክ ወይም መንገድ ላይ ከሆነ ሠራተኛው ከስክሪንሾቱ በስተቀር የሚያየው ነገር የለም። ዕቃ የሚሰጠውና ገንዘብ የሚያየው ሰው የተለያዩ ሲሆኑ በመካከል የሚገባ አይጠፋም።

ሁለተኛው መዘግየት ነው። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ የሚላክ ገንዘብ ኔትወርክ ሲቸገር ሊዘገይ፣ አጭር መልዕክቱም ገንዘቡ ከገባ በኋላ ሊቆይ ይችላል። ነጋዴው መዘግየትን ስለለመደ «ይደርሳል» ብሎ ያሳልፈዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መኪናው ቆሞ፣ ጫኚው «ቶሎ በሉ» እያለ ሲጣራ ማጣራቱ ይረሳል።

ሦስተኛውና ምናልባትም ትልቁ ይሉኝታ ነው። ከተከበረ ደንበኛ ፊት ቆሞ «ገንዘቡ አልገባም» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ምስሉን ተቀብሎ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይቀላል። አጭበርባሪው ታዲያ የሚሠራው ከኮምፒዩተሩ ይልቅ በዚህ ይሉኝታ ላይ ነው።

ደላሎችም ከዚህ ውጪ አይደሉም። የቤት ወይም የመኪና ቀብድ መከፈሉን በስክሪንሾት አይቶ ሌላውን ገዢ የሚመልስ ደላላ፣ ቀብዱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ኮሚሽኑንም ስሙንም ያጣል። ገዢው በውጭ አገር ያለ ወገን ከሆነና የሚያገናኛቸው ስልክ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። «አቅም አለው» ለማሰኘት የሚታይ የሒሳብ ቀሪ ምስልም ያው ነው፤ ከላይ እንደተገለጸው በደቂቃ ውስጥ የሚሠራ ነው።

ኪሳራው ሲሰላ

አንዳንዱ ነጋዴ «አንድ ጊዜ ብታለል በሚቀጥለው አካክሰዋለሁ» ይላል። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። ለምሳሌ በ96,000 ብር የመጣ ዕቃ በ100,000 ብር ቢሸጥ ትርፉ 4,000 ብር ነው። ይህ ዕቃ በሐሰተኛ ስክሪንሾት ቢወሰድ፣ የጠፋውን 96,000 ብር ለመመለስ ያንኑ የሚያህል ሽያጭ 24 ጊዜ ያለ አንዳች እንከን ማከናወን ያስፈልጋል፤ ያውም ኪራዩና ግብሩ ሳይታሰብ። በአነስተኛ ትርፍ ለሚሠራ ጅምላ ሻጭ የአንድ ቀን ችኮላ የወራት ድካም ነው ማለት ይቻላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1. የራስን ሒሳብ ማየት። ገንዘብ መግባቱን የሚያረጋግጠው የተቀባዩ ሒሳብ እንጂ የላኪው ስልክ አይደለም። በራስ ስልክ የባንኩን ፕሮግራም ከፍቶ ገቢውን ማየት ከሁሉም ይበልጣል።

2. ከምስሉ ይልቅ ቁጥሩን መቀበል። እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቁጥር «ኤፍቲ» በሚሉ የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ሲጣራ ቁጥሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑና የተቀባዩ ስም መመሳከር አለባቸው፤ አጭበርባሪ በእውነተኛ አሮጌ ቁጥር ላይ አዲስ መጠን ሊጽፍ ወይም አንዱን ደረሰኝ ለብዙ ሱቅ ሊያሳይ ይችላልና።

3. የሚከፈተውን አድራሻ ማንበብ። በደረሰኝ ላይ ያለው የኪውአር ምልክት ሲነሳ የሚከፈተው ገጽ የባንኩ የራሱ ስለመሆኑ አድራሻውን ማየት ይገባል። ገዢው በላከው ሊንክ ከመተማመን ባንኩ በሚታወቅበት አድራሻ ራስ ገብቶ መፈለግ ይሻላል። በገዢው ስልክ ላይ ማጣራት ጨርሶ ማጣራት አይደለም።

4. መልዕክቱ ከማን እንደመጣ ማየት። የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ መልዕክት ቃላቱ ምንም ያህል የባንክ ቢመስሉ የባንክ አይደለም። ከሌላ ስልክ የተላለፈ መልዕክትም እንዲሁ።

5. የሱቁን አሠራር ማስተካከል። ለሱቁ ሽያጭ ብቻ የሚያገለግል ሒሳብ መክፈትና መልዕክቱ ሱቅ ውስጥ ባለ ስልክ ላይ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ይህ ካልሆነ «ባለቤቱ ገንዘቡን አይቶ ሳይደውል ዕቃ አይጫንም» የሚል ደንብ ለሁሉም ደንበኛ፣ ለዘመድም ጭምር፣ በእኩልነት ሊሠራ ይገባል። ደንቡ ለሁሉም ሲሆን ማንም አይሰደብም። «ጋሼ፣ ገንዘቡ እስኪታይ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጡ» ማለት ክብር እንጂ ጥርጣሬ አይደለም።

6. ለላኪና አስመጪ። የስዊፍት ኮፒ የሚባለውም ወረቀት ምስል ሆኖ ሲላክ ያው ምስል ነው። ከውጭ ገዢ ገንዘብ መላኩን የሚያረጋግጠው የራስ ባንክ ነው፤ ባንኩ ሳያረጋግጥ ዕቃ ወደብ መላክ አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሁለቱንም ድርጊት ይከለክላል። አንቀጽ 9 ሌላውን ለመጉዳት ወይም ያልተገባ ጥቅም ለማግኘት ሐሰተኛ የኮምፒዩተር ዳታ ማዘጋጀትን፣ አንቀጽ 10 ደግሞ አሳሳች ዳታ በማሰራጨት ሰውን ማታለልን ይመለከታሉ። በአንቀጽ 10 መሠረት ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚሠራው ማስረጃ ሲኖር ነው። ቴሌግራም ላኪው የላከውን መልዕክት ከተቀባዩም ስልክ ላይ እንዲያጠፋ ስለሚፈቅድ፣ የተታለለ ነጋዴ ምስሉንና የምልልሱን ጽሁፍ ወዲያውኑ ለሌላ ሰው አስተላልፎ ሊያስቀምጥ፣ የመኪናውን ታርጋ ሊመዘግብ፣ ከባንኩ የዕለቱን የሒሳብ ዝርዝር አውጥቶ ለፖሊስ ሊያመለክት ይገባል።

ያም ሆኖ ክስ የሄደ ዕቃ አይመልስም። አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲሉ ሰውን ሁሉ ሌባ አድርጉ ማለታቸው አይደለም። ገንዘብ መግባቱን የሚያውቀው የገባበት ሒሳብ ነው፤ ነጋዴው ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ሊጠይቅ የሚገባውም እርሱኑ ነው።