የዲሲን ቻይናታውን ማን ባዶ አደረገው?

በዋሽንግተን ዲሲ የስታዲየም ወሬ በተነሣ ቁጥር ስለ ቻይናታውን ሁለት ነገር ይባላል። አንዱ ወገን «ሰፈሩን የገደለው አሬናው ነው» ይላል። ሌላው «አሬናው ሲመጣ እዚያ ምን ነበርና?» ብሎ ይመልሳል። ወሬው ሰሞኑን አልበረደም። በዲሴምበር 2023 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሬናው የሚጫወቱት የዊዛርድስ የቅርጫት ኳስና የካፒታልስ የሆኪ ቡድኖች የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ወደ አሌክሳንድሪያ ሊሄዱ መሆኑ ተነገረ። በማርች 2024 ዕቅዱ ፈረሰ፤ ዲሲ እነሱን ለማስቀረት 515 ሚሊዮን ዶላር መደበች፤ የአሬናውንም ሕንፃ በ87.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝታ እስከ 2050 ለባለቤቶቹ መልሳ ለማከራየት ተስማማች። በ2025 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት በአሮጌው የአርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ለአሜሪካ ፉትቦል አዲስ ስታዲየም እንዲሠራ አጸደቀ። እንግዲህ ክርክሩ ገና ብዙ ዓመት አለው።

«ምን ነበርና?» የሚሉት ሰዎች አይዋሹም። አሬናው ዲሴምበር 2 ቀን 1997 ሲከፈት ያረፈበት መሬት አብዛኛው ለዓመታት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እጅ የቆየ፣ መኪና የሚቆምበት አስፋልት ነበር። ዙሪያውን ጣውላ የተመታባቸው ሱቆች፣ አንድ ሁለት የቆዩ ምግብ ቤቶች፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሰው የማይታይበት ጎዳና። ቅር የሚለኝ ታሪኩን ከዚያ መጀመራቸው ነው። አስፋልት ከመሬት አይበቅልም፤ አንድ ሰው የሆነ ቀን፣ የሆነ ስሌት ሠርቶ ያነጥፈዋል። ስሌቱ ምን እንደነበር ግን ብዙም አይጠየቅም።

ብዙ ሰው መልሱን በ1968 ላይ ያቆማል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግሥት በሰባተኛው ጎዳና ላይ ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ ነጋዴው ሸሸ፤ መሀል ከተማው ሞተ፤ ይኸው ነው የሚባለው። አመፁ የደረሰውን ጉዳት የሚክድ የለም። የተሰጠው ድርሻ ግን ከሚገባው በላይ ይመስለኛል። የተቃጠለ ሱቅ ባለቤቱ ተስፋ ካለው ይሠራዋል። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሳይሠራ ከቆየ፣ ላለመሥራት ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው።

ምክንያቱ፣ በእኔ ግምት፣ ብዙ ጊዜ ከስታዲየም ጋር በማይያያዝ ሕግ ውስጥ ነው ያለው። የዲሲ ሕንፃዎች ለምን እንደሌላው ከተማ አይረዝሙም ሲባል አስጎብኚው ሁሉ «ከካፒቶል እንዳይበልጡ» ይላል። የ1910ሩ ሕግ ግን የሕንፃን ቁመት ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ጋር ነው የሚያስረው፤ በንግድ ጎዳናዎች ላይ ጣሪያው 130 ጫማ ነው፣ ከፔንሲልቫኒያ ጎዳና ጥቂት ቦታ በቀር። ወደ ላይ መውጣት ያልቻለ ቢሮ ወደ ጎን ይሄዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጠበቃውና የሎቢስቱ ቢሮ በኬይ ጎዳና በምዕራብ በኩል ተሰለፈ፤ ያ ሲሞላ ቀጣዩ ቦታ በስተ ምሥራቅ ያለው አሮጌው መሀል ከተማ ነበር። ቻይናታውን በሚገኝበት በኤችና በሰባተኛው ጎዳና ላይ መሬት ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቢሮው አንድ ቀን ይደርሳል። ቀኑ ብቻ አይታወቅም።

አሁን ራስህን በባለቤቱ ቦታ አድርግ። ሦስት ፎቅ ያለው የጡብ ቤት አለህ፤ ታች ሱቅ፣ ላይ ቤተሰብ። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ቧንቧው አርጅቷል፣ ኢንሹራንሱ ውድ ነው፣ ኪራዩ ጥቂት። ብታድሰው ገንዘቡ በአሥር ዓመት አይመለስም፤ ከአሥር ዓመት በፊት ደግሞ ገዢ ሊመጣ ይችላል። ብታፈርሰውስ? አስፋልት ታነጥፋለህ፣ በር ላይ አንዲት የቲኬት ክፍል ታቆማለህ፣ ለፓርኪንግ ኩባንያ ታከራያለህ። ተከራይ የለ፣ ቧንቧ የለ፤ በየቀኑ የሚገባው ገንዘብ ግብሩን ይሸፍናል። ገዢው የመጣ ዕለት መሬቱን በአጭር ማስጠንቀቂያ ታስረክባለህ። ፓርኪንግ ማለት ለባለመሬቱ የመጠበቂያ ዘዴ ነው። የሰፈሩ ሰው የሄደው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ባለቤቶቹ በጠበቁባቸው ዓመታት፣ ቤት በቤት ነው።

የዲሲን ፓርኪንግ ለሚያውቅ ሐበሻ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከተማዋ ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያገኙት ቁልፍ እየተቀበሉና መኪና እየደረደሩ ነው፤ በክረምት ትንሽ ማሞቂያ ይዘው፣ ጎናቸው ላይ የኮሌጅ መጽሐፍ አስቀምጠው። በኋላ አስፋልቱ ላይ ቢሮ ሲቆም ሥራው ወደ ምድር ቤት ጋራዥ ወረደ እንጂ አልጠፋም። የከተማዋን መጠበቅ በሰዓት ሒሳብ ተከፍሏቸው ያዩ ሰዎች ናቸው።

መንግሥትም ከግለሰቡ አልተሻለም። ከ1968 በኋላ መልሶ የማልማት ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት መሬት ገዝቶ አጸዳ፤ ገንቢ እስኪመጣ ድረስም ባዶውን ያዘው። የከተማዋ የምድር ባቡር ሜትሮ ደግሞ ጎዳናውን ቆፈረው። ስድስተኛውና ጂ ጎዳና መገናኛ ላይ በ1876 የተሠራ፣ ሲመረቅ ፕሬዚዳንት ግራንት የተገኙበት የአዳስ እስራኤል ምኵራብ ነበር፤ በ1969 ለሜትሮ ዋና መሥሪያ ቤት ቦታ ለመልቀቅ ሕንፃው እንዳለ ተጭኖ ሦስት ብሎክ ርቆ ተቀመጠ። ሰፈሩ ከቻይናዎቹ በፊት የጀርመንና የአይሁድ ነጋዴዎች እንደነበር ከሚመሰክሩት አንዱ እሱ ነው። ቻይናዎቹ ራሳቸው ወደዚህ የመጡት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ ከነበረው ሰፈራቸው ያስነሣቸው የመንግሥት ሕንፃ ግንባታ ነበር። ኤች ጎዳና ላይ የነበሩ ነጋዴዎች እንዳይመጡብን ብለው ፊርማ አሰባስበው ነበር።

በ1982 የከተማው የስብሰባ ማዕከል ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ለእሱ ሲባል ከቤታቸው ለተነሡ ሰዎች ዋ ላክ ሐውስ የሚባለው በድጎማ የሚከራይ ሕንፃ 153 አፓርታማዎች ይዞ ቆመ። ዛሬ ኤች ጎዳና ላይ የሚቀር ቻይናዊ አረጋዊ ካገኛችሁ እዚያ የሚኖር የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። ሁሉም ፎቶ የሚነሣበት ትልቁ ቅስት የቆመው በ1986 ነው፤ ሕዝቡ እየሳሳ ሳለ በር ተሠራለት። የስብሰባ ማዕከሉ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ኖሮ በ2004 ፈረሰ። ቦታውስ ቀጥሎ ምን ሆነ? ለዓመታት ፓርኪንግ።

ስለዚህ የሁለቱ ቡድኖች ባለቤት የነበረው ኤብ ፖሊን በ1997 ከሜሪላንዷ ላንዶቨር ቡድኖቹን ይዞ ሲመጣ ያገኘው ተጠብቆ የተቀመጠለት መሬት ነው። ለሰውየው የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው፦ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋውን የግንባታ ወጪ በግል ገንዘብ ሸፈነ፤ ከተማው መሬቱንና የቦታ ዝግጅቱን አቀረበ። ሰባተኛው ጎዳናም በማታ ሰው አየ። ይህን የሚያጣጥል ያን ጊዜ ከተማዋን አላያትም።

የተረፉት ምግብ ቤቶች ፈተና የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ እዚህ ላይ የንብረት ግብር ገባ። ከተማው መሬትን የሚገምተው ዛሬ ምን ላይ እንደዋለ ብቻ አይቶ ሳይሆን ምን ሊሆን እንደሚችልም፣ የጎረቤቱ መሬት በስንት እንደተሸጠም አይቶ ነው። ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ኑድል የሚሸጥ ሰው አሥር ፎቅ ሊሸከም በሚችል መሬት ላይ ተቀምጧል። ግብሩን የሚከፍለው ባለቤቱ እንዳይመስላችሁ። «ትሪፕል ኔት» በሚባለው የኪራይ ውል ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ኪራዩ ሳይጨምር ወጪው ይጨምራል፤ ትርፉ ግን የባለመሬቱ ነው። በ2005 የሰፈሩ የመጨረሻው ሙሉ የቻይና ግሮሰሪ ተዘጋ። አረጋውያኑ ጎመንና ዓሣ ለመግዛት በአውቶቡስ ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ ፎልስ ቸርች ይወሰዱ ጀመር። በሌላ በኩል የከተማው ደንብ ሱቆቹ ምልክታቸውን በቻይንኛም እንዲጽፉ ስለሚያዝ ስታርባክሱም ሲቪኤሱም ስማቸውን በቻይንኛ ፊደል ጽፈው ነበር። ፊደሉን የሚያነበው ሰው ሦስት ሺህ ገደማ ከነበረበት በ2015 ወደ ሦስት መቶ ወርዶ ነበር።

ከእነዚያ ሦስት መቶ ሰዎች ብዙዎቹ ያን ጊዜ ሙዚየም ስኩዌር በሚባል 302 አፓርታማዎች ባሉት በድጎማ የሚከራይ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ። የዲሲ ሕግ ባለቤቱ ከመሸጡ ወይም ከማፍረሱ በፊት ለተከራዮች የመግዛት ዕድል እንዲሰጥ ያስገድዳል። በ2014 ባለቤቱ ዋጋውን ነገራቸው፦ 250 ሚሊዮን ዶላር። ለአንድ አፓርታማ ከ800 ሺህ በላይ፣ ለጡረተኞች። ተከራዮቹ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ይህ እውነተኛ የሽያጭ ጥሪ አይደለም አለ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተከራይ ሕግ ይዞ የቆመበት ጊዜ ይኸኛው መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ የቻይናታውን ልዩ ዕጣ ነው የሚል ካለ ወደ ኔቪ ያርድ ይውረድ። የናሽናልስ የቤዝቦል ስታዲየም በ2008 ሲከፈት «እዚያ ቆሻሻ ማስተላለፊያና የአስፋልት ፋብሪካ ነበር» ይባል ነበር። ነበሩ። ኦ ጎዳና ላይ ደግሞ ሌላ ሰፈር የማይቀበላቸው የግብረ ሰዶማውያን የምሽት ክለቦች ነበሩ፤ ከተማው መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ብሎ በካሳ የመውሰድ ሥልጣኑን ተጠቅሞ በ2006 አስነሣቸው። ካሳው የሚሰላው በመሬት ነው፤ ለሃያ ዓመት የተገነባ ደንበኛ በካርታ ላይ አይታይም። ሌላ ቦታ እንዳይከፍቱ የፈቃድ ደንቡ ስለያዛቸው ምክር ቤቱ በ2007 ለእነሱ ብቻ የተለየ ሕግ ማውጣት ነበረበት። አንደኛው ክለብ በ2009 በበዛርድ ፖይንት ከፈተ። በ2018 አጠገቡ የእግር ኳስ ስታዲየም ተከፈተ፣ ቁራጭ ብረት ይከማችበት በነበረ ቦታ። እዚያው ኔቪ ያርድ የነበሩት 707 የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ፈርሰው መልሰው የሚገነቡበት ገንዘብ ደግሞ የጸደቀው በ2001 ነው፣ ቤዝቦሉ ከመወሰኑ በፊት። እዚያም ቢሆን ማስነሣቱ ከኳሱ ቀድሟል።

የእኛም ምግብ ቤቶች መንገድ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1980ዎቹ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና ላይ ተሰባሰቡ፤ ኪራይ ሲወጣ ወደ ዩ ጎዳናና ወደ ዘጠነኛው ወረዱ፤ ከዚያም ብዙው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጣ። በ2005 ገደማ ዘጠነኛው ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ከሰፈሩ ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው፤ የእነሱም ቅሬታ ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔ ስለ ስያሜው የነበረው ሙግት ጉልበት ያባከነ ይመስለኛል። ያኔ መጠየቅ የነበረበት ከቤቶቹ ስንቱ በሠሪዎቹ ስም ነው የሚለው ነበር።

አሁን ዓይን ሁሉ አርኤፍኬ ላይ ነው። ጎረቤቱ ኪንግማን ፓርክ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለጥቁር ቤተሰቦች የባለቤትነት ቤት ሆኖ የተጀመረ ሰፈር ነው፤ ስለዚህ ከቻይናታውን የተሻለ ቆሞ ይጠብቃል። በዲሲ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት የግብር ግምቱ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አለው። የንግድ ቤት ይህ ጣሪያ የለውም። ከመሀል ከተማ ወደዚያ በሚወስደው በሰሜን ምሥራቁ ኤች ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም አሉ፤ ብዙው ነጋዴ ተከራይ ነው። ስታዲየሙ በ2030 እንዲከፈት ታቅዷል፤ ዛሬ በዚያ ጎዳና የአምስት ዓመት ውል የሚፈርም ሰው ውሉ የሚያልቅበት በዚያው ሰሞን ነው።