ግንበኛ ሲዋዋሉ ገንዘቡ ከሥራው አይቅደም

ውድ እናት፣ እቁብ ደርሶዎት ወይም ከደመወዝዎ በትንሽ በትንሹ ያስቀመጡት ገንዘብ ተጠራቅሞ «ዘንድሮስ ቤቴን አሳድሳለሁ» ብለው ካሰቡ መልካም አስበዋል። የሚያፈስ ጣራ የሕፃናትን መኝታ ያረጥባል፤ የተቦረቦረ የአፈር ወለል ለቁንጫ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳም ለትኋን መጠጊያ ይሆናል። ዳሩ ግን በዓመት ድካም የተገኘ ገንዘብ በአንድ ሳምንት ባክኖ ቤቱ እንደፈረሰ ክረምት የሚገባበት ጊዜ አለ።

ብዙዎች የሚጎዱት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት በሚደረገው ንግግር ነው። በዋጋው ላይ ግማሽ ቀን ይከራከሩና ምን እንደሚሠራ፣ በምን ዕቃ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅ ሳይነጋገሩ ገንዘቡን አስቀድመው ይሰጣሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በልብዎ ይያዙ፤ ገንዘብዎ ሥራውን ይከተል እንጂ አይቅደመው።

በመጀመሪያ ሥራውን ራስዎ ይወቁት። ሜትር ይያዙና ክፍሉን ይለኩ። ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ የአራቱ ግድግዳ ዙሪያ 14 ሜትር ነው። ይህ በከፍታው ሲባዛ 35 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ የአንድ በርና የአንድ መስኮት ቦታ ሲቀነስ ወደ 32 ካሬ ሜትር ይወርዳል። የልስን የእጅ ዋጋ በካሬ ሲጠየቅ፣ ይህን ቁጥር በእጅዋ የያዘች እናት «ሃምሳ ካሬ ሳይሆን አይቀርም» በሚል ግምት አትታለልም።

ቀጥሎ የሚሠራውን ሁሉ በወረቀት ይዘርዝሩና ያንኑ ዝርዝር ሳይለውጡ ለሦስት ባለሙያዎች ያሳዩ። ዝርዝሩ አንድ ካልሆነ ዋጋውን ማወዳደር አይቻልም። ከሁሉ የረከሰው ዋጋ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር የተዘለለበት ነው። መወጣጫ እንጨቱን የሚያመጣው ማን ነው? የቀን ሠራተኛውን የሚከፍለው ማን ነው? ፍርስራሹን ማን ያስወጣል? አሮጌው ቆርቆሮና ጣውላስ ለማን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች ከሥራው በፊት ካልተመለሱ በኋላ የጠብ መነሻ ይሆናሉ። ባለሙያው ቀደም ሲል የሠራውን ቤትም ሄደው ይዩ፤ በቀጠሮው ቀን ጨርሶ እንደሆነ የቤቱን እመቤት ይጠይቁ።

ዕቃውን ራስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ቢገዛው፣ ደረሰኙም በእጅዎ ቢቀር ይመረጣል። «ቆርቆሮ» ብሎ መዋዋል ብቻ አይበቃም፤ ጌጁ ይጻፍ። የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ጌጅ ከ35 ጌጅ ይጠነክራል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኩንታል ሲባል ሁለት ከረጢት ማለት መሆኑን አይርሱ። ከረጢቱን ዳሰው በውስጡ ድንጋይ ሆኖ የጠጠረ ካገኙ አይቀበሉ። ከአሸዋውም አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ ወፍራም ጭቃ ከረጋ አፈር የበዛበት ነውና ይመልሱት።

የሥራው ቅደም ተከተልም በውሉ ይግባ። የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ከሆነ ከልስኑ በፊት ይዘርጋ፤ አለበለዚያ የተለሰነው ግድግዳ እንደገና ይቦረቦራል። የጭቃው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ሲሚንቶ አይለሰንበት፤ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። የሲሚንቶ ወለልም ከፈሰሰ በኋላ ለ7 ቀን ያህል ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል፤ ጠዋትና ማታ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ይወሰን።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ባለሙያው «ቀብድ ይስጡኝ» ቢል ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የቀብድን ትርጉም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደደነገገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የሰጡት ገንዘብ ቀብድ ከሆነ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ፤ መጠኑም ትንሽ ይሁን።

የቀረውን የእጅ ዋጋ በአራት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ጣራው ተመቶ ሲያልቅ፣ ሁለተኛው ግድግዳው ሲለሰን፣ ሦስተኛው ወለሉ ሲፈስ ይከፈላል። የመጨረሻው ሁሉ ተጠናቆ፣ ጣራው ላይ ውሃ ተደፍቶ አንድም ጠብታ አለመውረዱ ከታየ በኋላ ይሁን። የመጨረሻው ክፍያ በእጅዎ እስካለ ድረስ ጉድለቱን የሚያርም ሰው አያጡም። በመካከል «ይህም ይጨመር» የሚባል ሥራ ቢመጣ ዋጋው ተነጋግሮ ከመጻፉ በፊት አይጀመር።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ የሥራው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ቢዘገይ የሚቀነሰው ገንዘብ፣ የሁለታችሁ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ስም ቢኖርበት ይበቃል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አንድ ሚስማር ከመነቀሉ በፊት የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ።

አንዳንድ ባለሙያ እርስዎን እያየ «ባለቤትዎ የሉም?» ይል ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳራቸው እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከባለቤትዎ ጋር አስቀድመው ተመካክረው ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩንና ሜትሩን ይዘው የሚቆሙት እርስዎ ቢሆኑ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ሠራተኛውን በጠላት ዓይን ማየት አይገባም። እርሱም ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ዋጋውን ከሚገባው በታች ቢያወርዱበት ጉድለቱን ከሲሚንቶው ሊያካክስ ይችላል፤ ቤቱም ይጎዳል። ተገቢውን ዋጋ ይስማሙ፤ ሥራው በደረሰበት ቀን ክፍያውን ሳያጓትቱ ይስጡ። ሰኔ እስኪገባ አይጠብቁ፤ በበጋው ይጀምሩ፤ ጭቃም ሲሚንቶም ለመድረቅ ጊዜ ያገኛሉ፣ እርስዎም ሳይቸኩሉ ለመነጋገር።