ሥልጣን የሚዞርባት ቤተ ክርስቲያን፦ የሰመርሊን ፕሬስቢቴሪያኖች ዓመት

ከላስ ቬጋስ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ከሬድ ሮክ ካንየን ቀያይ ዐለቶች ግርጌ የተዘረጋው ሰመርሊን ባለጸጋው ሃዋርድ ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእጁ ባስገባው ባዶ በረሃ ላይ የተቆረቆረ ሰፈር ነው፤ ስሙን ያገኘውም ከሂዩዝ ሴት አያት ነው። በ1989 ዴል ዌብ የተባለው ቤት ሠሪ ኩባንያ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሰን ሲቲ ሰመርሊንን ከፈተ። ዛሬ ከ7,700 በላይ ቤቶች አሉት። ማውንቴን ቪው የምትባለው ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው እዚሁ፣ በዴል ዌብ ጎዳና ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው በአብዛኛው ዕድሜውን ሌላ ግዛት ሠርቶ፣ ልጆቹን አሳድጎ፣ ጡረታ ወጥቶ የመጣ ነው። የተጋባበት ቤተ ክርስቲያን፣ ልጆቹን ያጠመቀለት መጋቢ፣ የወላጆቹ መቃብር ወደ ኋላ ቀርተዋል። ታዲያ አብረው ያላደጉ ሰዎች አንድ ማኅበረ ምዕመናን የሚሆኑት በምንድን ነው? ብዙ ሰው ጥሩ ሰባኪ ሲገኝ ነው ይላል። እኔ ግን የሚያስተሳስራቸው ኃላፊነት በየተራ የሚሸከሙበት ሥርዓት ነው ባይ ነኝ። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንን ዓመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው ይህን አያጣውም።

ሥርዓቱ በፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው በካልቪን ጄኔቫ ተጠንስሶ፣ በ1560 በጆን ኖክስ ዘመን ስኮትላንድ ውስጥ የአገር ቤተ ክርስቲያን ሆኖ፣ በ1706 ፊላደልፊያ ላይ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ፕሬስቢተሪ፣ ማለትም የአንድ አካባቢ አጥቢያዎች ጉባኤ፣ ያቋቋመ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ተለያይተው የቆዩት የሰሜንና የደቡብ ቤተ ክርስቲያኖች በ1983 ሲዋሐዱ የዛሬዋ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። ጳጳስ የላትም። በጳጳስ ፈንታ በየእርከኑ ጉባኤ አለ፦ ከታች የአጥቢያው የሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ቀጥሎ ፕሬስቢተሪው (የላስ ቬጋሶቹ የኔቫዳ ፕሬስቢተሪ ናቸው)፣ ከዚያ ሲኖዶሱ፣ በመጨረሻም በየሁለት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ። ከፕሬስቢተሪው ጀምሮ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች በእኩል ድምፅ ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ለመሆን ሽበት አያስፈልግም፣ ወንድ መሆንም እንዲሁ። በሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከ1930 ጀምሮ ሽማግሌ፣ ከ1956 ጀምሮ ደግሞ መጋቢ ሆነው ይሾማሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ የሥራ ዓመት ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ የሚከፈተው በምዕመናኑ ዓመታዊ ስብሰባ ነው። ሪፖርት ይሰማል፣ በጀቱ ይቀርባል፣ የመጋቢው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም በአደባባይ ተነቦ ድምፅ ይሰጥበታል። ለብዙ አበሻ ይህ ድፍረት ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ለመጋቢው ክብር ሆኖ ይታየኛል፣ የሚታወቅ ደመወዝ ለሐሜት ቦታ አይሰጥምና። ሽማግሌዎችም የሚመረጡት በዚህ መንገድ ነው። ዘመናቸው ከሦስት ዓመት አይበልጥም፤ ደግመው ቢመረጡም ስድስት ዓመት በተከታታይ ካገለገሉ ቢያንስ አንድ ዓመት ማረፍ ግዴታቸው ነው። የሹመቱን እሑድ ልብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ተመራጮቹ ለጥያቄዎቹ በምዕመናኑ ፊት መልስ ከሰጡ በኋላ ይንበረከካሉ፤ ባለፉት ዓመታት የተሾሙት ከየመቀመጫቸው ተነሥተው ይመጡና እጃቸውን ይጭኑባቸዋል። የቀረበው በትከሻቸው ላይ፣ ያልደረሰው ከፊቱ በቆመው ሰው ትከሻ ላይ ይጭናል። ከዚያን ቀን ወዲህ የአምልኮ ሰዓትና ቦታ፣ የሕንፃው አጠቃቀም፣ የጌታ እራት የሚቀርብበት ቀን፣ ጥምቀት መፍቀድ፣ በጀቱን ማጽደቅ የእነሱ ነው። የሚነበበውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍልና ስብከቱን መምረጥ ደግሞ የመጋቢው ነው፤ እዚያ ውስጥ አይገቡበትም። መጋቢው የጉባኤው ሰብሳቢ ቢሆንም አባልነቱ በፕሬስቢተሪው መዝገብ ላይ እንጂ በአጥቢያው አይደለም፤ ስለዚህ ምዕመናኑ ብቻቸውን አያባርሩትም፣ እሱም አጥቢያውን የግሉ ሊያደርገው አይችልም።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። መባ በተሰበሰበ ቁጥር ቢያንስ ሁለት የተመደቡ ሰዎች አብረው ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉ፤ ሒሳቡ በየዓመቱ ሙሉ ምርመራ ይደረግበታል፣ ቃለ ጉባኤውም ለፕሬስቢተሪው ቀርቦ ይታያል። ልዩ መባዎቹ የዓመቱ ምልክቶች ናቸው። በፌብሩዋሪ፣ የአሜሪካን እግር ኳስ ፍጻሜ ሱፐር ቦውል በሚውልበት እሑድ፣ በብዙ ቦታ ወጣቶች የሾርባ ድስት ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ ወጪው ምዕመን ለተራቡ የሚሆን ገንዘብ ይጥልበታል። ይህ ልማድ በ1990 ሳውዝ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ ከተማ ባለች አንዲት ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች የተጀመረ ነው። በዐቢይ ጾም ሰሞን ለረሃብና ለአደጋ እርዳታ የሚውለው መባ ይሰበሰባል። ለልጆችና ለወጣቶች ከሚውለው የጰራቅሊጦስ መባ 40 በመቶው እዚያው አጥቢያው ዘንድ ይቀራል። በኦክቶበር የሰላም፣ በገና ደግሞ ችግር ላይ ለወደቁ አገልጋዮች ጭምር የሚውለው ይከተላል። ማንም ሰጪ ሳንቲሙ የት እንደሚደርስ ጠይቆ መልስ ያገኛል። በስደት ያለነው ስንት የራሳችን ቤተ ክርስቲያን በሒሳብ ጭቅጭቅ ተከፍሎ ፍርድ ቤት እንደቆመ ስለምናውቅ፣ የሁለቱ ቆጣሪዎች ጉዳይ ተራ ወግ ሆኖ ሊታየን አይገባም።

በረሃው በቤተ ክርስቲያኑ ዓመት ላይ የራሱን ይጨምራል። ላስ ቬጋስ በጁላይ 7 ቀን 2024 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳ የቀድሞ ክብረ ወሰኗን ሰብራለች፤ በዚያ ዓመት በክላርክ ካውንቲ ሙቀት ሰበብ የሆነበት ሞት ከ500 በላይ ነው። አቅም ያለው ጡረተኛ በበጋ ወደ ቀዝቃዛ አገር ይሄዳል፤ የሚቀረው ብቻውን የሚኖረው፣ መኪና መንዳት ያቆመው፣ የታመመው ነው። ያን ጊዜ ሥራው የዲያቆናት ነው። ፕሬስቢቴሪያኑ ዲያቆን በቅዳሴ የሚያገለግል አይደለም፤ የሰባ ዓመት ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ሥራዋም የታመመ መጠየቅ፣ ምግብ ማድረስ፣ ያዘነን ማጽናናት፣ ደውላ ያላነሣላትን ሰው ቤት ሄዳ ማንኳኳት ነው። ልጆቹ ሁለት ሺህ ማይል ርቀው ለሚኖሩበት አረጋዊ ይህ የእድርን ግማሽ ያህል ይሠራል። ቀብሩም እንዲሁ። በጡረተኞች ሰፈር ያለች ቤተ ክርስቲያን ከሰርግ ይልቅ ሽኝት ይበዛባታል፤ ወንበር የሚዘረጋ፣ ከጸሎቱ በኋላ ለለቀስተኛው ምግብ የሚያቀርብ ቋሚ ቡድን ያስፈልጋታል። ያልተጠበቀው ሐዘን በሚመጣ ጊዜ ደግሞ ይህ የተደራጀ እጅ ዋጋው ይታያል። ላስ ቬጋስም እንዲህ ያለ ሐዘን ደርሶባታል። በ1933 በፒትስበርግ አንዲት ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የተጀመረው ዓለም አቀፍ የጌታ እራት እሑድ የሚውለው በኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ በ2017 ይህ ቀን ኦክቶበር 1 ነበር። ጧት ለሰላም መባ የሚሰጥበት በዚያው ቀን ማታ በላስ ቬጋስ የሙዚቃ ድግስ ላይ ጥይት ዘነበ፤ ያለቁት በመጨረሻ 60 ሆኑ።

ሥርዓቱ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ምዕመኑ ለምን ይሸሻል? የሚል ጠያቂ ይኖራል፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። ቤተ እምነቱ በ1983 ከሦስት ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሩት፤ በ2023 መጨረሻ ግን ወደ 1.1 ሚሊዮን ወርዷል። ኮሚቴ መንፈስን ያዳፍናል የሚሉ ይህን ቁጥር ይጠቅሳሉ። ነገር ግን ያው ሥርዓት በእኛው አገር ምን እንዳፈራ ማየት ይበቃል። አሜሪካዊው ፕሬስቢቴሪያን ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1919 ከሱዳን ተነሥቶ ደምቢ ዶሎ ገባ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሚስዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ ሥራው አልቆመም፤ በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኑ የጠፋው ቄስ ጊዳዳ ሶለን፣ ከማሞ ጮርቃና ከሌሎች ወንጌላውያን ጋር ይዞት ቀጠለ። ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት የዶክተር ነጋሶ አባት ነው። ከዚህ ሥራ በ1947 የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ተደራጀች፤ በ1974 ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። መካነ ኢየሱስ ዛሬ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ምዕመን አላት። መጋቢ፣ ገንዘብና የውጭ እጅ ሲጠፋ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያቆያት ኃላፊነት ቀደም ብሎ በብዙ ትከሻ ላይ መከፈሉ ነው። የአሜሪካው መመናመን የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ የወሊድ መጠን ወርዷል፣ ልጆች የወላጆቻቸውን ቤተ ክርስቲያን አይወርሱም፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ጉዳይ ላይ የተወሰነው ውሳኔም ብዙ አጥቢያዎችን አስወጥቷል። ጉባኤያቸው ከእነዚህ አላዳናቸውም፤ በጉባኤው ሰበብ የመጡ ግን አይደሉም።

የበለጠ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። የጉባኤ አገልግሎት ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ያለው ደግሞ ጡረተኛውና የተደላደለው ነው። በዚህች ከተማ ሆቴል የሚያጸዳው፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳው፣ በካዚኖ ሁለተኛ ፈረቃ የሚቆመው፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ የእኛ ሰው፣ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ስብሰባ ቢጠራ ምርጫው ምን ይጠቅመዋል? ቤተ እምነቱ አስመራጩ ኮሚቴ ምዕመናኑን በሚዛን እንዲወክል በሕግ ያዝዛል፤ ሕግ ግን የሥራ ሰዓት አይለውጥም። እዚህ ላይ ተቃዋሚው ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ጉባኤውን መተው አይመስለኝም። ጉባኤው ቢቀር ውሳኔው ለፈረቃ ሠራተኛው አይደርስም፤ ለአንድ መጋቢና ለቅርብ ወዳጆቹ ይጠቀለላል። በየሦስት ዓመቱ የሚለቀቅ ወንበር ቢያንስ ሌላ ሰው እንዲጠየቅ ያስገድዳል፤ ስብሰባውን ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ለሚመች ሰዓት ማዛወርም ከሽማግሌዎቹ ሥልጣን ውጪ አይደለም። ዘገምተኛ ነው የሚለው ክስ ግን ብዙ አያሳስበኝም። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ በአጥቢያው ስም ቢመዘገብም በአደራ የተያዘው ለመላው ቤተ እምነት ነው፤ አንድ ቡድን ተቆጥቶ ቁልፉን ይዞ ሊሄድ ቢፈልግ ፕሬስቢተሪው ሰምቶ፣ መርምሮ፣ መክሮ ነው የሚወስነው። ይህ ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት የእሑዱ አምልኮ ይቀጥላል፣ ዲያቆናቱም የታመመ መጠየቃቸውን አያቋርጡም፤ ከተጣሉትም አንዳንዶቹ ቁጣቸው ይበርድና ይቀራሉ።