ግረንጅ፤ የሲያትል ወጣቶች ሙዚቃ አነሣሥና ያስከተለው ለውጥ

ግረንጅ በመባል የሚታወቀው የሮክ ሙዚቃ የተወለደው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፥ ዋሽንግተን በተባለው ግዛት፥ በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ ባሉ ትናንሽ ከተሞች ነው። ዘመኑም ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ ሙዚቃ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው የባንዶቹ ዝናና የሽያጫቸው ብዛት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ግረንጅ የሙዚቃ ዓይነት ተብሎ ከመሰየሙ በፊት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ጥቂት ወጣቶች የኑሮ ልማድ እንደ ነበረ ማሳየት፥ ቀጥሎም ልማዱ ወደ ዓለም ገበያ በወጣ ጊዜ ከርሱ ምን እንደ ተጓዘና ምን በስፍራው እንደ ቀረ መመርመር ነው።

፩. ስለ አገሩና ስለ ወጣቶቹ ኑሮ

ሲያትል በባሕር ሰርጥ ዳር የተቈረቈረች፥ ክረምቷ ረጅምና ዝናባም የሆነ የወደብ ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ዘመን የኖረው በእንጨት ንግድና በዓሣ ማስገር፥ በኋላም ቦይንግ በተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞችን ባሰናበተ ጊዜ ከተማዋ እጅግ ተጐዳች። በ1971 ከሲያትል ለቆ የሚወጣው የመጨረሻ ሰው መብራቱን እንዲያጠፋ የሚያሳስብ የቀልድ ጽሑፍ በአንድ የመንገድ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እንደ ነበረ ይታወቃል። ከተማዋ ከዚያ ብታገግምም፥ በዙሪያዋ ያሉት የእንጨት ሥራ ከተሞች፥ ለምሳሌ የኒርቫና ዘፋኝ ከርት ኮቤን በ1967 የተወለደባት አበርዲን፥ ሥራ እያጡ ሄዱ።

ታላላቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ ስለ ነበሩ፥ ሲያትል ከመንገዳቸው የራቀች ነበረች። በዚህ ላይ የከተማው ምክር ቤት በ1985 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ወጣቶች የሚገኙባቸውን የጭፈራ ስብሰባዎች የሚመለከት ደንብ አወጣ። ደንቡ አዘጋጁ የአንድ ሚሊዮን ዶላር መድን እንዲገባና ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ ያሉ ፖሊሶችን ቀጥሮ እንዲያቆም ያስገድድ ስለ ነበረ፥ ለወጣቶች የሚሆን አዳራሽ መክፈት ከአቅም በላይ ሆነ። የተሻረውም በ2002 ነው። እንግዲህ ሙዚቃው በጥቂት መጠጥ ቤቶች፥ በመኖሪያ ቤቶች ምድር ቤትና ለአንድ ሌሊት በሚከራዩ አዳራሾች ተወስኖ ቈየ።

በነዚህ ጠባብ ስፍራዎች ተጫዋቹና አድማጩ ብዙ የተለያዩ አልነበሩም። ዛሬ መድረክ ላይ የቆመው ነገ ከአድማጮቹ መካከል ይገኛል፤ የአንዱ ባንድ ከበሮ መቺ ለሌላው ይመታል። ይህ መተሳሰር በባንዶቹ የትውልድ ሐረግ ላይ በግልጽ ይታያል። በ1984 የተቋቋመው ግሪን ሪቨር በ1987 መጨረሻ ገደማ በፈረሰ ጊዜ፥ ዘፋኙ ማርክ አርም ቀደም ብሎ ከባንዱ ከወጣው ከስቲቭ ተርነር ጋር ማድሃኒ የተባለውን ባንድ አቋቋመ፤ ጄፍ አመንትና ስቶን ጎሳርድ ደግሞ በመጀመሪያ መዘር ላቭ ቦንን፥ በኋላም ፐርል ጃምን መሠረቱ።

የማኅበሩን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው ግን ሐዘኑ ነው። የመዘር ላቭ ቦን ዘፋኝ አንድሩ ዉድ በማርች 1990 በሄሮይን ምክንያት በ24 ዓመቱ ሞተ። ሳውንድጋርደን የተባለው ባንድ ዘፋኝ ክሪስ ኮርኔል ከሟቹ ጋር ባንድ ቤት ይኖር ስለ ነበረ፥ ከሟቹ የሙዚቃ ጓደኞች ጋር ሆኖ ቴምፕል ኦቭ ዘ ዶግ በሚል ስም የመታሰቢያ የዘፈን ስብስብ በ1991 አወጣ። ከካሊፎርኒያ ገና የመጣው ኤዲ ቬደርም ሟቹን ሳያውቀው በዚህ ሥራ ላይ ዘፈነ። እንግዳው ከማኅበሩ አንዱ ሆኖ የተቈጠረው በልቅሶው በመካፈሉ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

፪. ስለ ድምፁና ስለ ስሙ

በድምፅ ረገድ ግረንጅ የሁለት ወላጆች ልጅ ነው። አንደኛው ፓንክ የተባለው አጭርና ፈጣን ሙዚቃ ሲሆን፥ ከርሱ የተወረሰው ሙያ የሌለውም ቢሆን ጊታር አንሥቶ መጫወት ይችላል የሚለው እምነት ነው። ሁለተኛው ብላክ ሳባዝን ከመሰሉ የእንግሊዝ ባንዶች የመጣው ከባዱና ዝግ ያለው ሄቪ ሜታል ነው። በብዙ ከተሞች የሁለቱ ወገን ተከታዮች እርስ በርሳቸው ይናናቁ ነበር። ሲያትል ግን አዳራሿም አድማጯም ጥቂት ስለ ነበረ ሁለቱ ባንድ ጣራ ሥር ለመዋል ተገደዱ። ከአበርዲን አጠገብ የተነሣው ሜልቪንስ የተባለው ባንድ የፓንክን ቍጣ እጅግ አዝግሞ በመጫወቱ ለብዙዎቹ አርአያ ሆነ። የጊታሩን ወፍራም ክር ከተለመደው ቅኝት አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፥ በለሆሳስ ጀምሮ በድንገት ወደ ጩኸት መውጣት፥ ድምፁንም በእግር በሚረገጡ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ማሻከር የተለመዱ መንገዶች ነበሩ። ማድሃኒ በ1988 ያወጣውን ሸክላ ሱፐርፋዝ ቢግማፍ ብሎ የሰየመው በሁለት እንደዚህ ባሉ መሣሪያዎች ስም ነው።

ግረንጅ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የሰፈር ንግግር እድፍ ወይም ጕድፍ ማለት ነው። ማርክ አርም በ1981 ለአንዲት የአካባቢ መጽሔት በላከው ደብዳቤ በዚያን ጊዜ የነበረበትን የራሱን ባንድ የነቀፈ መስሎ በዚህ ቃል ተጠቅሟል። በ1987 ደግሞ ሰብ ፖፕ የተባለው ሸክላ አሳታሚ የግሪን ሪቨርን ሥራ ሲያስተዋውቅ ቃሉን ለሽያጭ አዋለው። ስለዚህ ስሙ የጀመረው ራስን በማዋረድ ቀልድ ሲሆን የጸናው ግን በንግድ ነው።

ሰብ ፖፕ መጀመሪያ ብሩስ ፓቪት በኦሎምፒያ ከተማ ሳለ ያዘጋጃት የነበረች ትንሽ መጽሔት ነበረች። በ1988 ፓቪትና ጆናታን ፖንማን ሌላ ሥራቸውን ትተው ኩባንያውን በሙሉ ጊዜያቸው ያዙ። ብዙዎቹን ሸክላዎች የቀረጸው ጃክ ኢንዲኖ፥ ፎቶግራፎቹንም ያነሣው ቻርልስ ፒተርሰን ስለ ነበረ፥ ሥራዎቹ ሁሉ የአንድ አገር መልክ ያዙ። ደንበኞች በየወሩ አንድ ትንሽ ሸክላ በፖስታ እንዲደርሳቸው በኖቬምበር 1988 የተጀመረው ማኅበር የመጀመሪያ ሸክላው የኒርቫና ነበረ፤ የታተመውም 1000 ቅጂ ብቻ ነው። ኒርቫና ብሊች የተባለውን የመጀመሪያ የዘፈን ስብስቡን በ1989 ሲያወጣ ለቀረጻው የተከፈለው 606 ዶላር ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ኤቨረት ትሩ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወደ ሲያትል ተጋብዞ ሜሎዲ ሜከር በተባለው ጋዜጣ ስለ ከተማይቱ ሙዚቃ በመጻፉ፥ ዝናው ከአገሩ ይልቅ በመጀመሪያ በእንግሊዝ ተሰማ።

፫. ወደ ዓለም ገበያ ስለ መውጣቱ

ኒርቫና ወደ ታላቅ ኩባንያ ተዛውሮ ኔቨርማይንድ የተባለውን ሥራ በሴፕቴምበር 24 ቀን 1991 ባወጣ ጊዜ፥ ኩባንያው በመጀመሪያ ለአሜሪካ ያዘጋጀው 46,000 ያህል ቅጂ ብቻ ነበር። ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ፥ በጃኑዋሪ 1992፥ የማይክል ጃክሰንን ሥራ አስለቅቆ በሽያጭ ሰንጠረዡ ራስ ላይ ተቀመጠ። የፐርል ጃም ቴን፥ የሳውንድጋርደን ባድሞተርፊንገርና የአሊስ ኢን ቼንስ ደርት በ1991ና በ1992 ተከታትለው ወጡ።

ለዚህ ድንገተኛ መስፋፋት ሦስት ምክንያቶች ይገኛሉ። አንደኛ፥ በ1980ዎቹ ዓመታት በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የተማሪዎች ራዲዮ ጣቢያዎችና ትናንሽ አሳታሚዎች ያዘጋጁት አድማጭ ቀድሞ ነበረ። ሁለተኛ፥ ኤም ቲ ቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን የኒርቫናን ዘፈን ደጋግሞ አሳየ። ሦስተኛ፥ ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት ቀድሞ በነጋዴዎች ወሬ ያዘጋጀው የነበረውን ሰንጠረዥ ከሜይ 1991 ጀምሮ በየሱቁ በመሣሪያ በተመዘገበ ሽያጭ ስለ ለወጠው፥ በግምት የማይታየው አድማጭ በቍጥር ታየ።

ከዚያ በኋላ ገበያው የወጣቶቹን ልብስ ያዘ። የዳማ መልክ ያለው ወፍራም ሸሚዝ በዚያ አገር የእንጨት ቈራጮች ልብስ ነው፤ ወጣቶቹም ብርዱን ለመከላከልና ዋጋው ስለሚቀል ከልባሽ ጨርቅ መደብር ይገዙት ነበር። በኖቬምበር 1992 ማርክ ጄኮብስ የተባለው የልብስ ንድፍ አውጪ ለፔሪ ኤሊስ ኩባንያ ይህንኑ ሸሚዝ በሐር ጨርቅ አሠርቶ በኒው ዮርክ አሳየ። ኩባንያውም ብዙ ሳይቈይ አሰናበተው። የድኻው ልብስ በሐር በተሠራ ጊዜ መልኩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምክንያቱ ነው።

፬. ስለ ውሸቱ መዝገበ ቃላት

በዚያው በኖቬምበር 1992 ልማድንና ቋንቋን ለሚያጠና ሰው ከሽያጩ ሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ያለው አንድ ነገር ተፈጸመ። ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ ስለ ግረንጅ ሲጽፍ፥ ወጣቶቹ ይግባቡበታል የሚባለውን ልዩ ቋንቋ ለማወቅ ፈለገ። ጥያቄውም ቀድሞ በሰብ ፖፕ ትሠራ ለነበረችው ለሜገን ጃስፐር በስልክ ቀረበላት። እርሷም እንዲህ ያለ ቋንቋ አለመኖሩን እያወቀች፥ ቃላቱን እዚያው እየፈጠረች ከነትርጉማቸው ነገረች። ጋዜጣው አምኖ መዝገበ ቃላቱን አተመ። ቈይቶም ዘ ባፍለር የተባለው መጽሔት ነገሩ የፈጠራ መሆኑን ገለጠ። ጃስፐር ከብዙ ዓመታት በኋላ የሰብ ፖፕ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆናለች።

ስሕተቱ የተፈጠረው በሦስት መንገድ ነው። ጠያቂው ልዩ ቋንቋ መኖሩን አስቀድሞ ወስኖ መጣ፤ ስለዚህ የጠየቀው ቋንቋው መኖሩን ሳይሆን ምን እንደሚመስል ነበር። ሁለተኛም ወጣቶቹ ሲነጋገሩ ሳይሰማ ከሩቅ የአንድ ሰው ቃል ተቀበለ። ሦስተኛም መረጃ ሰጪዋ ለመሳቅ ምክንያት እንዳላት አላሰበም።

ይሁን እንጂ ነገሩን ውሸት ብሎ መጣል ጥናቱን ያጐድለዋል። በዚህ ማኅበር ውስጥ ራስን ከፍ አድርጎ ማሳየት እንደ ነውር የሚቈጠር፥ በራስ ላይ መቀለድ ግን እንደ ጨዋነት የሚታይ ነበር፤ የግረንጅ ስም ራሱ የተገኘው ከዚህ ልማድ ነው። ሊገዛቸው የመጣውን እንግዳ በቀልድ መሸኘት የማኅበሩ አጥር ነበረ። የቅኔ ሰዎች ሰምና ወርቅ እንደሚሉት፥ የቃላቱ ሰም ውሸት ቢሆንም ወርቁ እውነት ነበር፤ መዝገበ ቃላቱ ስለ ቋንቋቸው ምንም ባያስተምር ስለ ጠባያቸው ያስተምራልና።

፭. ስለ ዝናው ዋጋ

ቀልድ ግን ዝናን ለረጅም ጊዜ ሊከለክል አልቻለም። ተጫዋችና አድማጭ እኩል በሆኑበት ቤት ያደጉ ሰዎች በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ብቻቸውን ቆሙ። ፐርል ጃም ከ1993 በኋላ ለብዙ ዓመታት የዘፈን ፊልም መሥራት ተወ፤ በ1994ም ቲኬትማስተር የተባለው ኩባንያ የመግቢያ ትኬት ሽያጭን ብቻውን ይዟል ሲል ለፍትሕ ሚኒስቴር አቤቱታ አቀረበ። ሚኒስቴሩ በ1995 ያለ ክስ ምርመራውን ዘጋው።

ከርት ኮቤን በኤፕሪል 1994 በ27 ዓመቱ በሲያትል በሚገኘው ቤቱ ራሱን ገደለ። ለረጅም ጊዜ በሆድ ሕመም፥ በመንፈስ ጭንቀትና በሄሮይን ሱስ የተሠቃየ ስለ ነበረ፥ ሞቱን በዝና ብቻ ማሳበብ አይገባም። የአሊስ ኢን ቼንስ ዘፋኝ ሌን ስቴሊ በ2002፥ ክሪስ ኮርኔልም በ2017 ሞተዋል። ዘ ጊትስ የተባለው ባንድ ዘፋኝ ሚያ ዛፓታ በጁላይ 1993 በሲያትል በተገደለች ጊዜ ደግሞ፥ ጓደኞቿ ሆም አላይቭ የተባለ ለሴቶች ራስን መከላከል የሚያስተምር ድርጅት አቋቋሙ፤ ባንዶችም ለርሱ መርጃ ሙዚቃ አዋጡ። ገበያው ካስገኘው ሁሉ ይልቅ የቀድሞው መተጋገዝ ምን እንደ ነበረ የሚያሳየው ይህ ሥራ ነው።

፮. ስለ ተከተለው ለውጥ

ከ1994 በኋላ በእንግሊዝ ቡሽ፥ በአውስትራሊያ ሲልቨርቼር፥ በካናዳ ኒክልባክን የመሰሉ ባንዶች የሻከረውን ጊታርና የጐረነነውን ድምፅ ይዘው ታላቅ ሽያጭ አገኙ። የተጓዘው ምልክቱ ነው። በአንዲት ዝናባም ከተማ ጥቂት ሰዎች በየምድር ቤቱ ሲገናኙ፥ ሲቀርጹ፥ ሲያሳትሙና ሙታናቸውን በጋራ ሲያለቅሱ የነበረበት ሥርዓት ግን በሸክላ ሊታተም የሚችል አልነበረም። ሰብ ፖፕ በ1995 49 በመቶውን ድርሻ ለዋርነር ኩባንያ ሸጠ። በ2000 በሲያትል ታላቅ የሙዚቃ ሙዚየም ተከፈተ፤ ኒርቫና በ2014፥ ፐርል ጃምም በ2017 የሮክ የክብር አዳራሽ ውስጥ ገቡ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው። የአንድ ማኅበር ዘፈን፥ ልብስና ስም ከስፍራቸው ተነሥተው በሩቅ አገር ሊኖሩ ይችላሉ፤ በሚኖሩበት ሁሉ ግን ሌላ ትርጉም ያገኛሉ። እንግዲህ አጥኚ ዘፈኑን ሲሰበስብ የተዘፈነበትን ቤት፥ በቤቱ የነበሩትን ሰዎችና ዝምድናቸውን አብሮ መመዝገብ ይገባዋል። መረጃ ሰጪው ከሣቀም የሣቀበትን ምክንያት መጻፍ አለበት።